«ማስጠንቀቂያውን ዝም አሰኙት» የሚለው ምክር ይታረም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ ፓይተን ስለሚባለው የኮድ መጻፊያ ቋንቋ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ቀለል ያለ፣ ለጀማሪ የሚሆን ጽሑፍ ነው። እዚህ ጅማ ኮድ ለሚማሩ የማውቃቸው ልጆችም በስልክ ፎቶ አንስቼ ልኬላቸዋለሁ። መጨረሻ ላይ ያለችው ምክር ግን አልዋጥልኝ አለች። አዲሱን ፓይተን ስትጭኑ «የማይታወቅ ኢስኬፕ» የሚል ማስጠንቀቂያ ከተደረደረባችሁ፣ ፕሮግራሙ እስከሠራ ድረስ አትጨነቁ፣ ፋይሉ አናት ላይ ማስጠንቀቂያ የምታጠፋ አንዲት መስመር ጨምሩና ሥራችሁን ቀጥሉ ትላለች። ጸሐፊውን አከብራለሁ። ምክሩ ግን ስህተት ነው። የሚጎዳውም ሌላ ሰው ሠርቶት የሄደውን ፕሮግራም ወርሶ የሚያስተዳድረውን ሰው ነው፣ እንደዚህ ዓይነት ሰው ደግሞ በኛ ከተማ ሞልቷል።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ከሥሩ ልጀምር። ኮድ ውስጥ በትምህርተ ጥቅስ መሐል የምናስቀምጠው ጽሑፍ ስትሪንግ ይባላል። ደረሰኝ ላይ የሚወጣ ስም፣ የሪፖርት ርዕስ፣ የፋይል አድራሻ፣ ሁሉም ስትሪንግ ነው። እዚያ ውስጥ እንዲሁ በኪቦርድ ተጽፈው የማይታዩ ነገሮች ያስፈልጋሉ። ለምሳሌ «እዚህ ጋ አዲስ መስመር ጀምር» ማለት ስንፈልግ። ለዚህ የምታገለግለው ባክስላሽ ናት፣ ወደ ኋላ ያጋደለችዋ ሰረዝ። ባክስላሽ ኤን አዲስ መስመር ናት፣ ባክስላሽ ቲ ታብ ናት፣ ባክስላሽን ራሷን ለመጻፍ ደግሞ ሁለት ጊዜ ትደገማለች። ለማተም እንዳያስቸግራችሁ ሁሉንም በአፍ እንደምንጠራው ነው የምጽፈው። ይህ አጻጻፍ ኢስኬፕ ይባላል። ልማዱ ወደ ፓይተን የመጣው ሲ ከሚባለው ቋንቋ ነው። ከሲ በፊት የነበረው ቢ የሚባለው ቋንቋ ለዚሁ ሥራ ኮከብ ምልክት ነበር የሚጠቀመው፣ ሲ ነው ወደ ባክስላሽ የለወጠው።

ከባክስላሽ ቀጥሎ ቋንቋው የማያውቀው ፊደል ቢመጣስ? ጃቫ እና ጎ የሚባሉት ቋንቋዎች እዚያው ያቆሟችኋል፣ ኮምፓይል አያደርጉም፣ ማለትም ኮዱን አይተረጉሙም። ፓይተን ግን ከድሮም ትዕግሥተኛ ነው። ካላወቃት ባክስላሿንም ፊደሏንም እንዳሉ ይተዋቸዋል። ስለዚህ ሬጄክስ የሚጽፍ ሰው፣ ማለትም ጽሑፍ ውስጥ የሚፈልገውን ነገር በንድፍ የሚያድን ሰው፣ ለአሃዝ ባክስላሽ ዲ፣ ለክፍት ቦታ ባክስላሽ ኤስ እያለ ያለ ምንም ጥንቃቄ ሲጽፍ ኖረ። ሠራለትም። የሠራለት ግን ዲ እና ኤስ በፓይተን ዘንድ ትርጉም ስለሌላቸው ብቻ ነው እንጂ አጻጻፉ ትክክል ስለሆነ አይደለም።

ይሄን ለማስቆም ነው ማስጠንቀቂያው የመጣው። በፈረንጆቹ 2016 መጨረሻ በወጣው 3.6 ቨርዥን ገባ፣ ግን በተለመደው አሠራር የማይታይ ዓይነት ስለነበር አብዛኛው ሰው ልብም አላለውም። 3.8 ላይ ሁሉም እንዲያየው ሊያደርጉ ሞክረው ነበር። ሰው በገዛ ኮዱ ሳይሆን ባወረደው ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች በጻፉት ኮድ ምክንያት የማስጠንቀቂያ መዓት ሲወርድበት ጊዜ፣ ቨርዥኑ ከመውጣቱ በፊት ወደነበረበት መለሱት። በኦክቶበር 2023 የወጣው 3.12 ግን ገለጠው፣ አሁን ማንም ያየዋል። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚመጣም ተደብቆ አይደለም፣ የፓይተን ሰነድ ራሱ ወደፊት በሆነ ቨርዥን ወደ ኤረር ይለወጣል ይላል። ኤረር ሲሆን ያቺ መስመር ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል ማለት እንዳይመስላችሁ። ፋይሉ ከነጭራሹ አይነሳም።

እዚህ ላይ ነው የጅማ ነገር የሚመጣው። ከሄርማታ መርካቶ እስከ ቆጪ ብትዞሩ በፓይተን የተሠራች ትንሽ ፕሮግራም የሚጠቀም የቡና መጋዘን፣ ፋርማሲ፣ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አታጡም። ብዙውን ጊዜ ታሪኩ አንድ ነው። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ሠራው፣ ባለቤቱ ወደደው፣ ትንሽ ተከፈለው፣ ልጁ ተመርቆ አዲስ አበባ ገባ፣ ፕሮግራሙ እዚሁ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚነካው የለም። መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሲመጣ ይነሳል፣ ይኸው ነው ኑሮው። አንድ ቀን አሮጌው ኮምፒውተር ይሞታል። አዲስ ይገዛል፣ ጫኚው ከኢንተርኔት ያገኘውን የመጨረሻውን ፓይተን ይጭናል፣ ፕሮግራሙም ዓመታትን ባንድ ቀን ይዘላል። ይሄ ቀን ደግሞ ብር በሚገኝበት ወቅት ነው የሚውለው፣ ማለትም ቡና በሚለቀምበት፣ ገበሬው ሚዛን ፊት ተሰልፎ በሚጠብቅበት ጊዜ። እስካሁን የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ነገ ኤረር ሲሆን ሰልፉ እዚያው ይቆማል።

እስቲ ከእጄ የገባ አንድ ኮድ ላሳያችሁ። የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ቡና የሚቀበል መጋዘን ነው። የመዝገብ ሠራተኛዋ ከሚዛን የመጣውን እንደወረደ ትጽፋለች፤ ስም፣ ከዚያ ቀይ እሸት ወይም ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና)፣ ከዚያ ኪሎ። ፕሮግራሙ መስመሩን አንብቦ በየዓይነቱ ይደምራል፣ ማታ ላይ በፈረሱላ፣ በ17 ኪሎ አካፍሎ ሪፖርት ያወጣል። ይህን የሠራው ልጅ ጎበዝ ነበር፣ ይታያል። ሠራተኛዋ አንዳንዴ «ጆንያ የጀንፈል 40» ብላ ባዶ ጆንያም ትመዘግባለች፣ እሱ እንዳይደመር ፈለገ። ስለዚህ «ጀንፈል» ብቻዋን ስትቆም ብቻ እንጂ «የ» ሲለጠፍባት እንዳትያዝ ከፊቷም ከኋላዋም ባክስላሽ ቢ አደረገ። በሬጄክስ ባክስላሽ ቢ የቃል ድንበር ናት፣ ሐሳቡ በጣም ትክክል ነው። ቀጥሎ ባክስላሽ ኤስ ለክፍት ቦታው፣ ከዚያ ባክስላሽ ዲ ለኪሎው።

አዲሱ ፓይተን ያችን መስመር ሲያነብ «ባክስላሽ ኤስን አላውቃትም» አለ። ስለ ባክስላሽ ዲ ምንም አላለም፣ ምክንያቱም በአንድ ስትሪንግ ውስጥ የሚጠቁመው የመጀመሪያዋን ብቻ ነው። ስለ ባክስላሽ ቢም ምንም አላለም። ይሄኛው ግን ለሌላ ምክንያት ነው፤ ባክስላሽ ቢን ያውቃታል! በተራ ስትሪንግ ውስጥ ባክስላሽ ቢ ማለት ባክስፔስ ናት፣ ያቺ ኪቦርድ ላይ ፊደል የምታጠፋዋ። ሬጄክሱ ጋ ከመድረሷ በፊት ፓይተን ወደ ባክስፔስ ቀይሯታል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲፈልግ የኖረው በሁለት የማይታዩ ባክስፔሶች መሐል የተቀመጠ «ጀንፈል» ነው። እንደዚህ ዓይነት ነገር ማንም ጽፎ አያውቅም። ጀንፈሉ በሙሉ «ሌላ» የሚለው ዓምድ ውስጥ ሲደመር ኖሯል።

ማንም አላወቀም? አውቀዋል እንጂ። ሠራተኛዋ ማታ ማታ «ሌላ» የሚለውን ድምር በእስኪሪብቶ ሰርዛ «ጀንፈል» ብላ ትጽፍበታለች። የጆንያውንም ከደብተሯ አይታ ትቀንሳለች። ለምን ስትባል «ፕሮግራሙ እንዲህ ነው» ነው መልሷ። ለቀይ እሸት የተጻፈችው መስመር ባክስላሽ ቢ ስለሌለባት በደንብ ትሠራለች፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ፕሮግራሙ ጀንፈል አይወድም ብሎ ተቀብሎታል።

አሁን የዓምዳችሁን ምክር እዚህ ላይ እናውለው። ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ሠራተኛዋ በእስኪሪብቶ መሰረዟን ትቀጥላለች። ማስጠንቀቂያው ስለ ባክስላሽ ቢ አልተናገረም፣ እውነት ነው፣ ግን ጣቱን የቀሰረው ያችው መስመር ላይ ነው። ለማየት የሄደ ሰው ያገኛታል። ይሄ የሚኒባስ ሹፌር የዘይት መብራቷ ስትበራ ስቲከር ለጥፎባት መንዳቱን እንደሚቀጥለው ነው። መኪናዋ ለጊዜው ትሄድለታለች።

ደግሞ የሚያስቀው፣ የተመከረው ዘዴ ጭራሽ አይሠራም። ፓይተን አንድን ፋይል መጀመሪያ ሙሉውን አንብቦ ይተረጉማል፣ ከዚያ ነው የመጀመሪያዋን መስመር የሚያስኬደው። የኢስኬፕ ማስጠንቀቂያ የሚወጣው ገና ሲያነብ ነው። ፋይሉ አናት ላይ «ማስጠንቀቂያ አጥፋ» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ያቺ መስመር ሥራዋን ስትጀምር የዚያው ፋይል ማስጠንቀቂያ ወጥቶ አልቋል። ልትሸፍን የምትችለው ከዚያ በኋላ የሚጠሩ ሌሎች ፋይሎችን ነው።

«እኔ ግን ሞክሬው ጠፍቶልኛል» የሚል ይኖራል። የጠፋው ግን በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ፓይተን የሚጠሩ ፋይሎችን አንዴ ከተረጎመ በኋላ ትርጉሙን ፓይካሽ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። በሁለተኛው ቀን ኮዱ ካልተነካ እንደገና አይተረጉምም፣ ማስጠንቀቂያውም አይደገምም። ስለዚህ አንዴ ታይቶ ይሰወራል። «ራሱ መጣ፣ ራሱ ሄደ» የሚባለው እንዲህ ነው። የትም አልሄደም። ፎልደሩን አጥፍታችሁ ብታስነሱት እንደገና ይመጣል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ጽንፍ። ጽሑፋችሁን ካሳየኋቸው ልጆች አንዱ «ታዲያ ቀላል ነው፣ ሁሉም ስትሪንግ ፊት አር ማድረግ ነዋ» አለ። አር ማለት ከጥቅሱ ፊት የምትቀመጥ ፊደል ናት፣ «በዚህ ስትሪንግ ውስጥ ባክስላሽን አትተርጉም፣ እንዳለ ተወው» የምትል። ለሬጄክስ ትክክለኛው መፍትሔ እሷ ናት። የጀንፈሏ መስመር ፊት አር ሲገባ ባክስላሽ ቢም፣ ኤስም፣ ዲም ሳይነኩ ወደ ሬጄክሱ ይደርሳሉ። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፣ ጀንፈሉም ተደመረ፣ የጆንያውም ጉዳይ አበቃ። እኔም መጋዘኑ ላይ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ግን ሁሉም ቦታ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው የሚሆነው። እዚያው ኮድ ውስጥ የደረሰኙ አናት ላይ የሚወጣ ስትሪንግ አለ። ልጁ ሲጽፈው ኤዲተሩ አማርኛ አላሳይ ብሎት መሰለኝ የከተማዋን ስም በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ በተሰጠው ቁጥር ነው የጻፈው። «ጅ» ባክስላሽ ዩ 1305 ናት፣ «ማ» ባክስላሽ ዩ 121ቢ ናት። የኛ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ የተሰጠው ቦታ ከ1200 ይጀምራል፣ 1200 ራሷ «ሀ» ናት፣ ቁጥሩም በ16 ቤት ስለሚቆጠር ነው ቢ መሐል የምትገባው። ከከተማዋ ስም ቀጥሎ ባክስላሽ ኤን፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር። ስልክ ቁጥሩ መሐል ላይ፣ ከየት እንዳመጣት እንጃ፣ ከሰረዟ ፊት ባክስላሽ አለች። ማስጠንቀቂያ የሰጠው በዚህችው ነው።

እዚህ አር ብታስገቡ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል። ደረሰኙ ላይ ግን «ጅማ» መባሉ ይቀርና ባክስላሽ ዩ 1305 ምናምን እየተባለ ይታተማል፣ አዲስ መስመሩም ቀርቶ ሁሉም ነገር ባንድ መስመር ይጨፈለቃል። ገበሬው ይዞት የሚሄደው ወረቀት ነው እንግዲህ። ባክስላሿን ብትደግሟትም ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ደረሰኙም እንደድሮው ይወጣል። እንደድሮው ማለት ግን ስልክ ቁጥሩ መሐል ባክስላሽ ተጋድማ ማለት ነው፣ ምክንያቱም እስከዛሬም ትታተም ነበር፣ ሰው የማተሚያው ቆሻሻ እየመሰለው ነው ያለፋት። ትክክለኛው ጥገና መሰረዝ ነው። ባክስላሿ እዚያ ምንም ሥራ የላትም። ያው ማስጠንቀቂያ፣ ያው ፋይል፣ ከጀንፈሏ ጥገና ጋር ግን አይገናኝም።

ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ አለ። ራፍ የሚባለው ደብሊው 605 በሚለው ሕጉ ያገኛቸዋል፣ ሲታዘዝም ያስተካክላቸዋል፤ ፓይአፕግሬድም ይሠራዋል። አሠራራቸው ብልህ ነው። ስትሪንጉ ውስጥ ፓይተን የሚያውቀው ኢስኬፕ ከሌለ ፊቱ አር ያስገባሉ፣ ካለ ደግሞ አር ስለሚያበላሸው የማትታወቀዋን ባክስላሽ ብቻ ይደግሟታል። እኔም እጠቀምባቸዋለሁ፣ በተለይ ኮዱ ሰፊ ሲሆን። ግን እነሱ የሚጠብቁት ፕሮግራሙ ትናንት ሲያደርግ የነበረውን ዛሬም እንዲያደርግ ነው። ጸሐፊው ምን ፈልጎ እንደነበር አያውቁም። የጀንፈሏን መስመር ብትሰጧቸው ባክስላሽ ቢን የታወቀች ኢስኬፕ ናት ብለው ሳይነኩ ይተዋታል፣ ኤስ እና ዲ ፊት ያሉትን ደግመው፣ ማስጠንቀቂያውን አጥፍተው ይሄዳሉ። ንጹሕ ኮድ፣ ያው የባክስፔስ ጀንፈል። እንዲያውም የባሰ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማንም ወደዚያች መስመር የሚጠቁም የለም።

አንድ የኛ የራሳችን ጣጣም አለ። እኛ ስናሳጥር በእዝባር፣ ማለትም በስላሽ እንወዳለን። ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ መ/ቤት፣ ዓ/ም። ኪቦርድ ላይ ደግሞ ሁለቱ ስላሾች ይምታቱብናል፣ ግማሹ ሰው ባክስላሽ ነው የሚጫነው። ወርድ ላይ ሲሆን ለዓይን ይቀፋል እንጂ ጉዳት የለውም። ኮድ ውስጥ ግን ዕጣ ነው። የዚያ መጋዘን የሪፖርት ርዕስ «የ2016» ካለ በኋላ ባክስላሽ 17 ብሎ «የምርት ዘመን» ይላል። ከባክስላሽ ቀጥሎ ከ0 እስከ 7 ያሉ አሃዞች ሲመጡ ፓይተን በ8 ቤት የተቆጠረ የአንድ ፊደል ኮድ ናቸው ብሎ ነው የሚያነባቸው። ባክስላሽ 17 እንግዲህ አንድ የማይታይ የቁጥጥር ምልክት ሆነች፣ 17 ከሪፖርቱ ላይ ጠፋች። ማስጠንቀቂያ የለም፤ የሚታወቅ ኢስኬፕ ነዋ። 3.12 በዚህ ረገድ የጨመረው ከባክስላሽ 377 በላይ ለሆኑት ማስጠንቀቂያ መስጠት ብቻ ነው፣ 17 እዚያ አትደርስም። ስለዚህ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ባክስላሽ ካያችሁ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይሄ ሰው ሌላኛዋን ስላሽ ፈልጎ ይሆን? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አዎ ነው።

የፋይል አድራሻም እንደዚሁ ነው። ዊንዶውስ ፎልደሮችን በባክስላሽ ነው የሚለያየው። ሲ ድራይቭ ውስጥ ዩዘርስ የሚለውን እንዳለ ገልብጦ ኮድ ውስጥ የለጠፈ ጀማሪ ወዲያው ኤረር ይገጥመዋል፣ ባክስላሽ ትልቁ ዩ ከኋላዋ ስምንት አሃዝ ስለምትጠብቅ። ያ እንኳን ደግ ነው፣ ይጮኻል። የከፋው ዲ ድራይቭ፣ ኮፊ፣ ኒው የሚል ዓይነት ነው። በካፒታል ሲ በምትጀምረው ኮፊ ያስጠነቅቃል፣ ኒው ላይ ግን ባክስላሽ ኤን ስለሆነች አድራሻው መሐል አዲስ መስመር ይገባል፣ ከዚያ ፋይሉን ሲከፍት «የለም» ወይም «አድራሻው ልክ አይደለም» ይላችኋል፣ እናንተ ፎልደሩን በዓይናችሁ እያያችሁት! መፍትሔው ተራዋን ስላሽ መጠቀም ነው፣ ፓይተን ዊንዶውስ ላይም ይቀበላታል። አርም ይሆናል፣ ግን አር ያለበት ስትሪንግ በአንዲት ባክስላሽ ሊያልቅ አይችልም፣ ፎልደር ብቻ ስትጽፉ መጨረሻው ላይ ትደናቀፋላችሁ።

እንግዲህ እንዴት ይጠገን ካላችሁ፣ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ከሁሉ በፊት ኮዱን ኮፒ አድርጉ፣ ፍላሽ ላይም ቢሆን። ከዚያ አንድ ያለፈ ወር ዳታ ወስዳችሁ ፕሮግራሙን አስኬዱና ያወጣውን ሪፖርት አስቀምጡት። ቀጥሎ በ3.12 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፓይተን ኮምፓይልኦል የሚባለውን ሞጁል በግዴታ ሁሉንም ተርጉም ብላችሁ እዘዙት። ኮምፓይልኦል ፕሮግራሙን አያስኬድም፣ ያነባል እንጂ፣ ስለዚህ መጋዘኑ ሥራ ላይ እያለም ኮፒው ላይ ይቻላል። ኢንተርኔትም አይፈልግም፣ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፣ ኔት በጠፋ ቀን የሚሠራ ነገር ማለት ነው። የፋይሉን ስምና የመስመር ቁጥሩን ይደረድርላችኋል። እያንዳንዷን ክፈቱና ስትሪንጓን ሙሉውን አንብቡ፣ የተጠቆመችዋን ባክስላሽ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቿንም። ሬጄክስ ከሆነች አር። ርዕስ ወይም ደረሰኝ ከሆነች መሰረዝ ወይም በተራ ስላሽ መቀየር፣ እውነትም ባክስላሽ እንዲታተም ከተፈለገ ብቻ መደገም። አድራሻ ከሆነች ተራ ስላሽ። ስትጨርሱ ያንኑ የወር ዳታ እንደገና አስኬዱና ሁለቱን ሪፖርቶች አስተያዩ። ልዩነት ከመጣ የት እንደመጣ ማወቅ አለባችሁ። መጋዘኑ ላይ ልዩነቱ ሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ «ሌላ» ውስጥ የነበረው ጀንፈል ወደ ራሱ ዓምድ ተዛወረ፣ ርዕሱም ላይ 17 ተመለሰች።

ስለ አሃዝ ካነሳሁ አይቀር፣ ባክስላሽ ዲ የግዕዝ ቁጥሮችን አትይዝም። ፩ ፪ ፫ በዩኒኮድ እንደ ተራ የአሥር ቤት አሃዝ አልተመደቡም። የገጽ ቁጥር በግዕዝ የሚጽፍ መዝገብ የምታነቡ ከሆነ ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን ራሳችሁ በቅንፍ መዘርዘር ይኖርባችኋል። ለዚህም ማስጠንቀቂያ የለም፣ ስህተትም ስላልሆነ።

«ኤረር እስኪሆን ብዙ ጊዜ አለ» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ፓይተኖች አይቸኩሉም፤ ከ3.6 እስከ 3.12 ሰባት ዓመት ገደማ ነው የፈጀባቸው። ግን ያ ጊዜ የተሰጠው ኮዱን የጻፈው ሰው ገና ስልኩን በሚያነሳበት ወቅት እንዲጠገን ነው። እዚህ ያየሁት ግን ልጁ ቁጥሩን ቀይሯል፣ ኮዱ ውስጥ አንዲት ማብራሪያ የለም፣ ባለቤቱ «እባክህ ብቻ እንዳይቆም» ይላል። ያኔ ስትሪንግ እያነበቡ «ይህን ሲጽፍ ምን አስቦ ነው» ማለት አድካሚ ነው። ዛሬ ጥገናው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሰልፍ ቆሞ፣ ባለቤቱ ትከሻችሁ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ኤረሩ ፋይሉን አላስነሳ ብሎ ሲሠራ ግን ያገኘኸው ሁሉ ፊት አር ማስገባት ነው የሚመጣው፣ ደረሰኙም ጅማን ትቶ ቁጥር ማተም ይጀምራል።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ያላችሁ የመመረቂያ ሥራ የያዛችሁ ልጆች ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሬጄክስ ስትጽፉ ከመጀመሪያዋ ቀን አር አስገቡ፣ ብታስፈልግም ባታስፈልግም። ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ ማስጠንቀቂያን ወደ ኤረር የሚቀይረውን የፓይተን ማስነሻ አማራጭ አንዴ አብርታችሁ አስኬዱት። የተቀበላችሁ ሰው ኮድ አይችልም፣ የሚያየው ሪፖርቱን ነው፣ ሪፖርቱ ሲሳሳት ደግሞ እንደዚያች ሠራተኛ በእስኪሪብቶ እየሰረዘ ይኖራል እንጂ ደውሎ አይጠይቃችሁም።

ለአዘጋጁ የምጠይቀው ማረሚያ እንድታወጡ ነው። ጸሐፊው ካልተስማሙ በዓምዳቸው ይመልሱልኝ፣ ደስ ይለኛል። ትእዛዞቹንም በእንግሊዝኛ ፊደል እንዳሉ በሣጥን ብታወጧቸው አንባቢ ገልብጦ ይሞክራቸዋል፣ በአፍ እንደተጻፉ አይሠሩም። ደብዳቤዬ እንደረዘመ አውቃለሁ። ቦታ ካጠረባችሁ የሲንና የቢን ቋንቋ ታሪክ ቁረጡት፣ የግዕዝ ቁጥሩንም ከፈለጋችሁ። የባክስላሽ ቢን ነገር ግን አትንኩብኝ።

አንባቢያችሁ
ከጅማ